ላብ ያላወጣው ሕመም

ፈጣሪ ዕድሜ ጨምሮልኛል፤ ዕድሜ የተጨመረለት ሰው ደግሞ ያየውን መደበቅ የለበትም። ይህን የምጽፈው መገጣጠሚያዋን ለሚያማት፣ ሐኪም ቤት ተመላልሳ መልስ ላጣች፣ "ሙቀት ግቢ፤ ላብሽ ሲወጣ በሽታውም አብሮ ይወጣል" ለተባለች እህቴ ነው።

ሰሞኑን አብራኝ የምትሠራ ልጅ አዲስ አበባ ላለችው እናቷ "ኢንፍራሬድ ሳውና" የሚባል ቤት እንዳገኘችላት ነገረችኝ። "እትዬ አስካለ፣ ለወገብ ጥሩ ነው አሉ። ምን ይመስልሻል?" አለችኝ። እኔ ሳውና የሚባል ቤት ገብቼ አላውቅም። እንዴት ያለ ነው ብላት፣ "እንደ ትልቅ ቁም ሳጥን ያለ የእንጨት ክፍል ነው። ማሞቂያው የማይታይ ጨረር ይሰጣል፤ ከአየሩ ይልቅ ገላን በቀጥታ ነው የሚያሞቀው" ብላ አስረዳችኝ። ገባኝ። ፍም ፊት የተቀመጠ ሰው ፊቱ ሲግል ጀርባው እንደሚበርደው ነው፤ ፍምም ሙቀቱን የሚልከው በዚያው በማይታየው ጨረር መሆኑን አንድ ሐኪም ነግሮኛል። ፍሙን ደግሞ አውቀዋለሁ። ደግነቱንም ክፋቱንም በገላዬ አይቻለሁ። ስለዚህ "ትግባ" ወይም "አትግባ" ብዬ በአንድ ቃል መመለስ አቃተኝ።

ወደ አሶሳ የመጣሁት ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው። ባለቤቴ በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ሄዶ አልተመለሰም። ሰላ ድንጋይ፣ እናቴ ቤት፣ ትንሿን ልጄን ሰሎሜን ይዤ ተጠግቼ ስኖር፣ አዲሱ ክልል የታይፕ ጸሐፊ ይፈልጋል የሚል ወሬ ሰማሁ። እናቴ አለቀሰች። ታላቅ ወንድሜ አስናቀ ግን ተቆጣ።

"ጫፍ ነው እኮ! እዚያ ብትታመሚ ማን ያይሻል?"

"እግዚአብሔር እዚያም አለ" አልኩት።

"እሱማ አለ። ውሃ የሚያቀብልሽ ሰው ነው ያልኩሽ።"

ልጄን አዝዬ፣ ነቀምት አድሬ፣ አቧራ ለብሼ ደረስኩ። መሥሪያ ቤታችን ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። የታፔላው ቀለም ሳይደርቅ ሥራ ጀመርን። ፋይሎቹ በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ናቸው፣ ወንበር ለኃላፊዎቹ እንኳ አይበቃም። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ከደጋ ተመድበን የመጣነውም በአንድ ክፍል ታጭቀን፣ ሁላችንም በየአፋችን ቃና አማርኛ እናወራለን። ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ስለማያሠራ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ይጋደምና ሲበርድ ተመልሶ ይገባል።

የተከራየሁት ክፍል የእማ ሃሊማ ግቢ ውስጥ ነበር። እማ ሃሊማ የበርታ ሴት ናት፤ በዕድሜ እናቴን ታክላለች። አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የምትለው። እኔ እንደ ሀገሬ ወግ "አንቱ" ስላት ግራ ገብቷት፣ "አንቱ ስንት ሰው ነው? እኔ አንድ ነኝ" ብላ ከለከለችኝ። ከዚያ ወዲህ አንቺ አልኳት።

ወተት የምታመጣልን ደግሞ እትዬ የሺ ነበረች። በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሰፈራ የመጣች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር የምትኖር ደግ ሴት ናት። በየማለዳው ወተቱን በቅል ይዛ በቀርከሃው አጥር በኩል፣ "የኔ እመቤት፣ አደርሽ?" ስትለኝ የሀገሬን ሰው ያገኘሁ ያህል ይሰማኝ ነበር። "ለልጅቷ አፍይላት፤ ሆዷ ገና ነው። አንቺ ግን ጥሬውን ጠጪው። እሳት የነካው ወተት ምን ጉልበት አለው?" ትለኝ ነበር። እኛም ሀገር የሚባለው እንዲሁ ነው። አደረግሁት።

ጥር ላይ ጀመረኝ። መጀመሪያ ጣቶቼ ነበሩ። ጠዋት ታይፑ ፊት ስቀመጥ እንደ ደረቀ ጠፍር አልታጠፍ አሉኝ። ቀጥሎ ጉልበቴ፣ ከዚያ ወገቤ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ይመጣና ሌሊቱን በላብ ያጠምቀኛል። ጠዋት አንሶላዬን አጥር ላይ ሳሰጣ፣ የሚያልፉት ሴቶች የሰሎሜ ሥራ መስሏቸው "አንቺ ትልቅ ልጅ፣ አሁንም?" እያሉ ያሾፉባታል። እሷም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ "እኔ አይደለሁም፣ እማዬ ናት!" ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅ እኔም ስቄያለሁ። ሳቅ የቀረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ተራ የሚጠበቀው ማንጎ ዛፍ ሥር ነው፤ ጥላው ሲዞር በሽተኛውም አብሮ ይዞራል። የማላውቃት ሴት ሕፃኗን አዝላ እየተጠጋጋች ጥላ ታካፍለኝ ነበር። እስከ ዛሬ እጸልይላታለሁ፤ ስሟን ግን አልጠየቅኳትም።

"ከየት ነሽ?" አለኝ መርማሪው።

"ከሰላ ድንጋይ።"

"ደገኛ! በቃ፣ ወባ ናት። አዲስ ሰው ትወዳለች።"

የወባውን ክኒን ወሰድኩ። ማሳከኩ ገላዬን እንደ ጉንዳን ወረረኝ፤ እስክቆስል አከክሁ። ትኩሳቱ ለሳምንት ያህል ተወኝ። ተሻለኝ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁ፤ በማግስቱ ትኩሳቱ ተመለሰ። ሁለተኛ ስሄድ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ሌላ መድኃኒት። ሦስተኛው፣ አንድ የግል ክሊኒክ፣ "ሪህ ነው" ብሎ የሰጠኝ ማስታገሻ ጨጓራዬን አቃጠለው። አራተኛው ደግሞ ልጄን አይቶ፣ ጥቁር ልብሴን አይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ሐሳብ ነው፤ ናፍቆት። ሀገርሽ ብትገቢ ይለቅሽ ነበር" አለኝ። ከዚህኛው ስወጣ አለቀስኩ። ሕመሜን ካላመኑልኝ ማን ያክመኛል? ጠበልም ተጠመቅሁ። ልቤ በረታልኝ፤ ጉልበቴ ግን እንዳበጠ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ሳጥብ ጨምቄ ማስጣት አቃተኝ። እማ ሃሊማ መጥታ ልብሱን ከእጄ ወሰደችና ጣቶቼን አገላብጣ አየቻቸው።

"ይሄ ምን ሆነ?"

"ብርድ ይመስለኛል፣ እማ ሃሊማ።"

ሳቋን ለቀቀችው። "ብርድ? አሶሳ? ያ ቢንቲ፣ ከየት አመጣህ? ከሀገርህ በጆንያ አምጥተህ?" ያ ቢንቲ ማለት በዐረብኛው "ልጄ ሆይ" ነው። ሳቋን ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ። "ነገ ዱኻን ትገባለህ።"

ዱኻን የዚህ ሀገር ሴቶች የሙቀት መታጠቢያ ነው፤ በሰሜን ወይባ እንደሚሉት ዓይነት። በትንሽ ጎጆ ውስጥ መሬቱ ይቆፈራል። ጉድጓዱ ውስጥ ፍም ይደረግና ጠልሕ የሚባል የግራር እንጨት ይጨመርበታል። ሴትየዋ ልብሷን አውልቃ መሐሉ ክፍት የሆነ ዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ከጉድጓዱ በላይ ትቀመጣለች፤ ከአንገቷ በታች በወፍራም ብርድ ልብስ ትሸፈናለች። ሙሽራ ትገባበታለች፣ አራስ ትገባበታለች፣ ወገቧን ያመማት ትገባበታለች።

"እኔ እኮ ማተብ አለኝ" አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ።

"ማተብ አውልቅ ማን አለ? ልብስ አውልቅ አልኩ።"

ከመግባቴ በፊት በትልቅ ኩባያ ቀይ ከርከዴ፣ ስኳር ያለበት፣ ሰጠችኝ። ከርከዴ የአበባ መጠጥ ነው፤ ቀዝቃዛና መረር ጎምዘዝ ያለ። "ሁሉ ጠጣ። ካልጠጣህ አትገባም" ብላ ኩባያው እስኪደርቅ ቆማ ጠበቀች። እኔ በስመ አብ ብዬ ተቀመጥኩ፤ እሷ ቢስሚላህ ብላ ሸፈነችኝ።

እውነቱን መናገር አለብኝ፤ ደስ አለኝ። ሙቀቱ ከእግሬ ተነሥቶ ወገቤ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ቆዳዬ ተቆጣ፤ ከዚያ ላቡ ፈሰሰ፤ ከዚያ ያ ተቆልፎ የከረመው ጉልበቴ ቀስ እያለ ሲለቅ ተሰማኝ። ስወጣ ጣቶቼን ጨበጥኳቸው፣ ተጨበጡ። ዘረጋኋቸው፣ ተዘረጉ። የዚያን ዕለት እንደ ሕፃን ተኛሁ። ስለዚህ "ሙቀት ከንቱ ነው" የሚለኝ ሰው ካለ አልሰማውም። የተኮማተረ ጅማት ይፈታል፣ የደረቀ መገጣጠሚያ ይለሰልሳል፣ ጭንቀትን ያበርዳል፣ እንቅልፍ ይሰጣል። በእኔ ላይ ያደረገው ይህን ሁሉ ነው።

ግን ሕመሙ ከሥሩ አልተነካም። ሁለት ቀን ደኅና እውልና ይመለሳል። ሲመለስ እኔም ወደ ጉድጓዱ እመለሳለሁ። ላቤ በፈሰሰ ቁጥር "ይኸው እየወጣ ነው" እላለሁ፤ እማ ሃሊማም "እየወጣ ነው" ትላለች። ሐኪም ቤት መሄዱን ተውኩት። አራት ሐኪም አራት ስም ከሰጠኝ፣ አምስተኛውን ምን ላድርገው? እየከሳሁ ሄድኩ። ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ ዋለለ። ሰሎሜ ስታቅፈኝ አጥንቴ ይወጋታል፤ "እማዬ፣ እንጨት ሆንሽ" አለችኝ አንድ ቀን። ከዚያ በኋላ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። እኔ ብሞት ይህችን ልጅ በዚህ ሀገር ለማን ነው የምተዋት?

ዐቢይ ጾም ገባ። በጤናዬ ጊዜ እንደምጾመው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳልቀምስ መጾም ጀመርኩ። ሕመሙን እንዲያነሣልኝ የምለምነው እግዚአብሔርን ነው፤ በመታመሜ ጾሙን ልተውበት አልደፈረም ልቤ። ወሩ ደግሞ አሶሳ የምትነድበት ወር ነው፤ ቆርቆሮው ጣራ ከቀትር ጀምሮ ይንጫጫል።

አንድ ረቡዕ፣ በቀትሩ እረፍት፣ ወገቤ አላስቆመኝ ብሎ እያነከስኩ ግቢ ገባሁ። እማ ሃሊማ ዐይታኝ ፍሙን አዘጋጀች። እንደ ልማዷ ከርከዴውን ቀድታ ሰጠችኝ። ያን ጊዜ የልጅ ልጇ ከጓሮ ጮኾ ጠራትና "ጠጣ፣ መጣሁ" ብላ ሄደች። ሰዓቱ ገና ነበር። ኩባያውን ይዤ ገባሁ፤ ዘጠኝ ሲሆን እጠጣዋለሁ ብዬ ከመቀመጫው ጀርባ አስቀመጥኩት። እሷ ተመልሳ ስታይ ኩባያው በእጄ የለም፤ እኔ ተቀምጫለሁ። ጠጥቷል ብላ ሸፈነችኝ።

በዚያን ቀን ላቡ ቶሎ መጣ፤ ቶሎም ቆመ። ገላዬ እንደ ምጣድ ደረቀ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ትመታለች። ልነሣ አልኩ፤ እግሬ የሌላ ሰው ሆነ። "እማ ሃሊማ" ማለቴን አውቃለሁ፤ ድምፄ መውጣቱን ግን አላውቅም። የመጨረሻ ያየሁት በበሩ ስንጥቅ ሰሎሜ ስታጮልቅ ነው።

በኋላ እንደነገሩኝ፣ የጮኸችው ልጄ ናት። እማ ሃሊማ ዘልላ ገብታ ብብቴን ይዛ ጎተተችኝ። ያንን ባታደርግ ኖሮ ፍሙ ላይ ነበር የምወድቀው። ዐይኔን ስገልጥ ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ምንጣፍ ላይ ነኝ፤ ደረቴ ላይ እርጥብ ጨርቅ አለ። አንዲቷ ጎረቤት በሰፌድ ታራግብልኛለች። እማ ሃሊማ ያልተጠጣውን ኩባያ ይዛ ቆማለች።

"ለምን አልጠጣህም?"

"ጾም ነኝ።"

"ጾም ሥጋ ነው! ቅቤ ነው! ክርስቲያን ውሃ ይጠጣል፤ ገበያ አይቻለሁ!"

"እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይጠጣም፣ እማ ሃሊማ።"

አፏን ያዘች። "ውሃም? ለምን አልነገርከኝም? እኛ በረመዳን ዱኻን አንገባም! ቀን ማንም አይገባም! ይገድላል!"

እኔ የእነሱ ሴቶች በጾም ሙቀት እንደማይገቡ አላውቅም ነበር። እሷም የእኛ ጾም ውሃን እንደሚጨምር አታውቅም ነበር። በአንድ ግቢ እየኖርን፣ አንዳችን ለሌላዋ ጤና እየጸለይን፣ በዚህች ሳንነጋገር ቀርተን ልሞት ነበር። ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እያለቀሰች በማንኪያ አጠጣችኝ። ሰዓቱን አልጠየቅኩም።

ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ ግሉኮስ ተተከለልኝ። ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቁሮ ነበር። ለዚያች ቀን አተረፉኝ፤ የቆየውን ሕመም የጠየቀኝ ግን የለም። መሥሪያ ቤቴ ለወንድሜ መልእክት ላከ።

አስናቀ ሲመጣ የክፍሌ በር ላይ ቆሞ አላወቀኝም። "አስካለ የምትባል ሴት..." ብሎ ጀመረ፣ ድምፄን ሲሰማ ቁጭ አለ።

"ተነሽ፣ እንሂድ" አለኝ።

"ሁለት ቀን አውቶቡስ እችላለሁ? እየኝ እስቲ።"

 ያን ያህል መንገድ እንደማልችል አየ። ከዚያ ሰሎሜን አያት፤ ሐሳቡ ገባኝ፤ ከአፉ ሳይወጣ "አይሆንም!" አልኩት።

"አስኩዬ፣ ስሚኝ። ማን ያበላታል? ብትወድቂ እሷ ናት እንደገና የምታይሽ? እናታችን ጋ ትቆይ። ሲሻልሽ ትወስጃታለሽ።"

"ካልተሻለኝስ?"

የሰሎሜን ጫማ ማሰር ጀመረ። ያ ከሕመሙ ሁሉ የከፋ ነበር። እውነቱን ነው የሚለው፤ ለዚህም ነው የተጣላሁት። ክፉ ቃል ተናገርኩት፤ በሌለበት ነገር "የባሌን ሞት የፈለግኸው አንተ ነህ" እስከማለት ደረስኩ። ጎንበስ ብሎ ተቀበለው። በማለዳ አውቶቡስ መናኸሪያ እማ ሃሊማን ተደግፌ ሸኘኋቸው። ሰሎሜ መንገዱ ሽርሽር መስሏት በመስኮት እጇን ታወዛውዛለች። አውቶቡሱ ሲነሣ እኔ ከኋላ አለመሳፈሬን አወቀችና መጮህ ጀመረች። አቧራው እስኪዋጠው ድረስ ድምፅዋን ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት መጻፍ ይከብደኛል። በበትር መሄድ ጀመርኩ። መዝሙረ ዳዊት እገልጥና አንዲት መስመር ላይ ዐይኔ ይደነዝዛል። ሞትን አልለመንኩም፤ ግን ቢመጣ የምከራከረው አልነበረኝም። የንስሐ አባቴ በጾም ሙቀት መግባቴን ሰምተው ቤቴ ድረስ መጡ። ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። "ልጄ፣ በሽተኛ እንዲጾም ማን አዘዘ? ጾምሽ መድኃኒትሽን በሰዓቱ መዋጥ ነው" አሉኝ። "ጠበሉም ከሐኪም አይጣላም፤ ሂጂ" ብለው በትሬን አቀበሉኝ። ለእሳቸው ብዬ ሄድኩ እንጂ ተስፋው አልነበረኝም።

ሆስፒታሉ አዲስ ሐኪም ተመድቦለት ነበር፤ ጠና ያለ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ጉልበቴን ነካካ፣ ሆዴን ዳሰሰ፣ ጣፊያዬ ማበጡን ነገረኝ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

"ወተት ትጠጫለሽ?"

"ዶክተር፣ ጾም ነው እኮ!"

"ከጾሙ በፊትስ?"

"በየቀኑ።"

"አፍልተሽ?"

"ለልጄ አፈላለሁ። እኔማ ጥሬውን ነው፤ የተፈላ ወተት ምን ይረባል?"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ልጅሽ ታማ ታውቃለች?"

"ኧረ እሷስ ደኅና ናት።"

"እንግዲያ ራስሽ መለስሽው" አለኝ።

ብሩሴሎሲስ ይባላል። ከብትን የሚያስጨነግፍ በሽታ ነው፤ ባልተፈላ ወተት ወደ ሰው ይገባል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ወባን ይመስላል፣ ታይፎይድን ይመስላል፣ ሪህን ይመስላል። ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ምርመራ እዚህ ስላልነበረ ደሜ በበረዶ ተይዞ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄደ። እማ ሃሊማ ይህን ስትሰማ፣ "አንተ አልተሳፈርህም፣ ደምህ ተሳፈረ!" ብላ ከብዙ ጊዜ በኋላ አሳቀችኝ። ውጤቱ መጣ፤ ዶክተሩ ያለው ነበር።

ስለ ሙቀቱ ጠየቅኩት። "ሕመሙን አስተኛልሽ እንጂ አላዳነሽም" አለኝ። "ላብ ውሃና ጨው ነው። ተሕዋስ በላብ አይወጣም። ሕመሙ ሲተኛልሽ አንቺም ሐኪም ቤት መምጣቱን ተውሽ፤ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው። ትኩሳት ያለው ሰው ደግሞ ላዩ ላይ ሌላ ትኩሳት አይጨምርም።" ስለ ጨረርና ስለ ፍም ያስረዳኝም ያን ዕለት ነው።

መድኃኒቱ ረጅም ነው። ለሳምንታት መርፌ፣ ከእሱም አልፎ እንክብል። መርፌው ጆሮዬ ላይ ይጮህብኛል፣ እንክብሉ ያቅለሸልሸኛል። ትንሽ ሲሻላቸው የሚያቋርጡ ሰዎች እንደሚያገረሽባቸው ስለተነገረኝ አላቋረጥኩም። ለእትዬ የሺም ነገርኳት። አልከፋትም ማለት አልችልም፤ "በወተቴ?" ብላ ቅሏን አቅፋ ቆመች። በኋላ ግን መንደሯን ሁሉ "አፍሉ! አፍሉ!" እያለች የምትዞር ሆነች።

መጀመሪያ ላቡ ሌሊት መምጣቱን ተወ። ቀጥሎ ትኩሳቱ። በትሬን ክረምቱ ሲገባ እማ ሃሊማ ለአጥር ማገር አደረገችው። ከዳንኩ በኋላ ወገቤ አልፎ አልፎ ሲይዘኝ፣ በዶክተሩ ፈቃድ ዱኻን ተመልሼ ገብቻለሁ፤ አልዋሽም። ግን ጠጥቼ ነው፣ ለአጭር ጊዜ ነው፣ በሩ ክፍት ሆኖ፣ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ነው። በጾም ሰዓት ከቶ አልገባም። ጢሱ ራሱ ለሳንባ ደግ እንዳልሆነም ሰምቻለሁ፤ ያ የአዲስ አበባው ክፍል ቢያንስ ጢስ የለውም።

እህቴ ሆይ፣ ለሥራ ባልደረባዬ የነገርኳትን ልንገርሽ። እናትሽን ምን እንዳመማት አስቀድሞ ይታወቅ። ልቧ፣ ግፊቷ፣ የምትውጠው መድኃኒት ለሐኪም ይነገር። ያረገዘች ወይም አረገዝኩ ብላ የምትጠረጥር አትግባ። ትኩሳት ያለባት አትግባ። ራሷን ካዞራት "ትንሽ ልቻል" ሳትል ትውጣ። ከዚህ በኋላ ሙቀቱ ለደከመ ወገብ ወዳጅ ነው፤ መድኃኒት ነው የሚላት ሰው ካለ ግን አትመነው።

ከመስቀል በኋላ ፈቃድ ወስጄ ሰላ ድንጋይ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ሰሎሜ ታውቀኛለች ወይ የሚለውን ነው። ፀጉሬ በሕመሙ ረግፎ አጭር ሆኗል፤ ፊቴም የድሮው አይደለም። ብርዱ ፊቴን ሲመታኝ እንኳ ልብ አላልኩትም። አስናቀ መንገድ ላይ ተቀብሎኝ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ ስለምነው፣ "ተነሽ እባክሽ፣ ጭቃ ነው" ብሎ አነሣኝ፤ እሱም ያለቅሳል።

እናቴ ደጅ ላይ አቅፋኝ ስትንሰቀሰቅ፣ ሰሎሜ ከነጠላዋ ኋላ ቆማ ታየኛለች። አድጋለች። አነጋገሯ ሁሉ የእናቴ ሆኗል።

"ሰሎሜዬ" አልኳት። እጄን ዘረጋሁ። አልመጣችም። እንደ እንግዳ ሴት ከላይ እስከ ታች አየችኝ።  ተርፌ መጥቼ ልጄን አጥቻለሁ አልኩ በሆዴ።

እናቴ ጎንበስ ብላ "እማዬ ናት እኮ" አለቻት።

"እማዬ ታማለች" አለች ሰሎሜ፤ የምታስታውሰን ይመስል፣ ረጋ ብላ።

ተንበርክኬ ከፊቷ ዝቅ አልኩ። "ታምሜ ነበር።"

"አሁን ተሻለሽ?"

"ተሻለኝ።"

ዐይኔን እያየች አሰበችበት። ከዚያ ዞራ ወደ ቤት ገባች። እናቴ "ተያት፣ ትለምድሻለች" እያለች ታባብለኛለች፤ እኔ ግን ከተንበረከክሁበት መነሣት አቃተኝ። ትንሽ ቆይታ ሰሎሜ ወጣች። ጫማዋን አድርጋለች፤ የግራውን በቀኝ፣ የቀኙን በግራ። ቀሚሷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች።

"ሲሻላት ትወስድሻለች ብለውኛል" አለችኝ፤ "እንሂዳ።"